ደሙ ሳይደርቅ፦ መሪን በጦር ወንጀል መክሰስ ሰላምን ያርቃል ወይስ ያቀርባል?

ሁለቱም የጎንደር ሰዎች ናቸው። እሳቸው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ እሷ የእሳቸው ተማሪ የነበረች ጠበቃ ናት። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጦርነት ላይ ያለ የአገር መሪ የእስር ማዘዣ ቢወጣበት ሰላሙ ይቀርባል ወይስ ይርቃል?

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ ከአክስቴ ሳጥን ልጀምር። እዚህ ጎንደር አራዳ ባለው ቤቷ፣ ከአልጋው ሥር፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበራት። ውስጡ የበኩር ልጇ የሒሳብ ደብተር አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የተጀመረ ስሌት አለ፣ መልሱ ግን አልተጻፈም። ልጁን በ1970 በሌሊት መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ድንኳን አልተጣለለትም፣ እናቱም ጮኻ እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከል ለበሰች።

ታኅሣሥ 1999 ፍርድ ቤቱ መንግሥቱ ኃይለማርያምን በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎ ፈረደ። አክስቴ ዜናውን በሬዲዮ ሰምታ ደብተሩን አወጣች፣ ሳመችው፣ መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ከሉን አውልቃ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳመች። የተፈረደበት ሰውዬ ሐራሬ ተቀምጧል፣ አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም። እሷ ግን አገሯ በአደባባይ «ያ የተደረገው ወንጀል ነበር» ስትል መስማት ነበር የፈለገችው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ አስገድዶ መሰወርና ማሰቃየት በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም አይታለፉም ይላል። መሪ የሆነ ሰው ይቅር ይባላል የሚል መስመር የለውም። ስለዚህ ይከሰስ እላለሁ፤ ጦርነት ላይ ቢሆንም፣ ሥልጣን ላይ ቢሆንም።

መምህሩ፦ ልጄ፣ አክስትሽን አውቃት ነበር። ያንን ዘመንም እዚሁ ሆኜ አይቼዋለሁ። የጎንደር እናት የደርጉን አስተዳዳሪ መላኩ ተፈራን «የዛሬን ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልወልድም» ብላ የለመነችበት ከተማ ውስጥ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የምናገረው ለገዳይ አዝኜ አይደለም።

ግን የጠቀስሽውን ሰው ጉዳይ እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 አውሮፕላን ተሳፍሮ ወጣ፤ ዚምባብዌ ተቀበለችው። በሳምንቱ ግንቦት 20 ጦርነቱ አዲስ አበባ ላይ አበቃ። ያን ቀን አንድ ፍርድ ቤት በስሙ ማዘዣ አውጥቶ ቢሆን፣ ዚምባብዌም በሯን ዘግታ ቢሆን፣ ምን የሚያደርግ ይመስልሻል? የቀረውን ሠራዊት ይዞ በየሰፈሩ ይታኮስ ነበር። የሚያልቀውም የገበሬ ልጅ ነው። ችሎቱ የተጀመረው ታኅሣሥ 1987 ነው፣ እሱ ከወጣና ተኩሱ ከቆመ በኋላ። አክስትሽ የሰማችው ፍርድ የመጣው በሩ ቀድሞ ስለተከፈተ ነው።

ወደ ጎረቤታችንም ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2009 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በዳርፉር ጉዳይ በሱዳኑ ፕሬዚዳንት በኦማር አል በሽር ላይ ማዘዣ አወጣ። በሽር ወዲያው 13 የውጭ የዕርዳታ ድርጅቶችን አባረረ። መጠለያ ውስጥ የነበረ ሕፃን ውኃና መድኃኒት አጣ፣ በሽር ግን አሥር ዓመት ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2019 የገዛ ጄኔራሎቹ አወረዱት፤ ፍርድ ቤቱ ያለባትን ዘ ሄግን እስከ ዛሬ አላያትም። እነዚያው ጄኔራሎች በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2015 እርስ በርሳቸው ተዋጉ። በመተማ በኩል የገባ አንድ ሱዳናዊ መምህር እዚህ ቤቴ ቡና ጠጥቷል። ከሻንጣው የትምህርት ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ አሳየኝ፤ ቆልፎት ነው የወጣው። «በሽርን ሲከሱት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክሱ ግን ለእኔ ምን አደረገልኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጠበቃዋ፦ የቁልፉ ነገር እኔንም ያመኛል፣ ጋሼ። ግን የሱዳንን ታሪክ ግማሹን ነው የነገሩን። ማዘዣው ሰላምን የሚገድል ቢሆን ኖሮ በሽር የደቡብ ሱዳንን ስምምነት ያፈርሰው ነበር። አላፈረሰም። ማዘዣው በአንገቱ ላይ እያለ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2003 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፤ ሐምሌ ላይ ደቡብ ነፃ ስትወጣ ጁባ ሄዶ በበዓሉ ላይ ተገኘ። መሪ ሰላም የሚፈጥረውም የሚያፈርሰውም በጉልበቱ ልክ ነው፣ ማዘዣን አይቶ አይደለም። ካርቱምን ያነደዷት ሰዎች እኮ በዳርፉር ጊዜ ያልተጠየቁት ናቸው! ሱዳን ያለቀችው በክስ ብዛት ሳይሆን በክስ ማነስ ነው።

ላይቤሪያንም ላንሳ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2003 የላይቤሪያው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር ለሰላም ድርድር ጋና፣ አክራ ሳለ የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት ክሱን ይፋ አደረገው። ያኔም «ድርድሩ ሞተ» ተብሎ ነበር። በነሐሴ ቴይለር ሥልጣን ለቀቀ፣ በሳምንቱ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ላይቤሪያም ወደዚያ ጦርነት አልተመለሰችም።

መምህሩ፦ ቴይለር የለቀቀው ናይጄሪያ «ና፣ ካላባር ተቀመጥ» ስላለችው ነው። ቃል ተሰጥቶት ወጣ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ተላልፎ ተሰጠ። ተገባው እንጂ አላዘንኩለትም። ግን ከእሱ በኋላ የመጣ አምባገነን ሁሉ ይህን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሊቢያው ጋዳፊ ላይ ማዘዣ ሲወጣ «የትም አልሄድም» አለ፤ ከነጦርነቱ እስከ መጨረሻው ቆየ።

እኛ ደግሞ የራሳችን መንገድ አለን። በገጠራችን ሰው ሲገደል ሽማግሌ ይገባል፣ ካህን መስቀል ይዞ ይቆማል፣ ደም ይደርቃል። ይህ ባይኖር ኖሮ ደመኛ ከደመኛ እየተጋደለ አገሩ ባዶ ይቀር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው አዝዘዋል። ጣሊያን እዚህ ጎንደር ላይ እስከ ኅዳር 1934 ሲዋጋ ቆይቶ እጁን ሲሰጥ፣ የተማረከው ወታደር አልታረደም። ይህ የሚያኮራን ነገር ነው።

ጠበቃዋ፦ የሚያኮራ ነው፣ አዎ። ግን ስለ እርቁ ያልተናገሩት ነገር አለ፣ ጋሼ። ገዳዩ እንዴት ነው የሚመጣው? ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሟች ዘመዶች ፊት ተንበርክኮ «አጥፍቻለሁ» ብሎ። ሽማግሌው ድንጋዩ ከትከሻው እንዲወርድ የሚለምነው ከዚያ በኋላ ነው። ሳያምን፣ ካሳ ሳይከፍል የታረቀ ገዳይ በየትኛው ቀዬ ነው ያዩት? የአገር መሪ ግን ድርድሩ አዳራሽ ውስጥ በሱፍ ይገባል፣ ይጨባበጣል፣ ይፈርማል። ድንጋዩን ማን ተሸከመ? የእኛን እርቅ ስሙን ብቻ ወስደው ለመሪ መሸሸጊያ ማድረግ እርቁን መበደል ነው።

የጣሊያንንም ነገር ይኸው። ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለማስፈረድ በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ብዙ ደክማለች፣ ለፍርድ ያቀረበላት ግን አልነበረም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በማበሩ ነው፤ ስለ የካቲት 12 አንድም ቀን አልተጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ሐውልት አቆሙለት። ያልተፈረደበት ሰው ሰባ አምስት ዓመት ቆይቶ ጀግና ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ የወጋው ልጅ ግን ጭራሽ አይማርም።

መምህሩ፦ የድንጋዩን ነገር ተቀብያለሁ። እርቅ ያለ ኑዛዜ እርቅ አይደለም፣ እዚህ ላይ አሸንፈሽኛል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ለደርግ ችሎት ምስክር ሲፈልግ እኔም የማውቀው ነበረኝ። አልሄድኩም። በ1970 መሣሪያ ይዞ በር ሲያንኳኳ ያየሁት ሰው ልጅ እኔ ክፍል ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማር ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነው። በአባቱ ላይ ቆሜ መስክሬ፣ በማግስቱ ስሙን ጠርቼ «አቤት» ሲለኝ እንዴት እሰማዋለሁ ብዬ ተውኩት። ፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ ይመስለዋል፤ ሰፈር ግን አብሮ ነው የሚቀደደው።

ደግሞም ያ ችሎት የተሸናፊውን ወገን ብቻ ነው የዳኘው። ያሸነፉት በበረሃ ስላደረጉት አልተጠየቁም። ዛሬም የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ሚያዝያ 2016 ጸድቋል፤ እዚህ ክልላችን ግን ከ2015 ጀምሮ ተኩስ አለ። ጠመንጃ የያዘው ወገን ዳኛ ሲመርጥ ያን ዳኛ ማን ያምነዋል? ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ቃል አሁን ይጻፍ፣ ማስረጃ አሁን ይሰብሰብ፣ ማዘዣው ግን ተኩሱ እስኪቆም ይቆይ።

ጠበቃዋ፦ ማዘዣው ይቆይ ሲሉ እስከ መቼ ነው? ደርግን ያስፈረደው ራሱ የጻፈው ወረቀት ነው፤ ማን ይገደል የሚለውን በፊርማና በማኅተም አስቀምጦታል። የዛሬ ትእዛዝ በስልክ ነው፣ ስልክ ደግሞ ይጠፋል። ምስክር ይሰደዳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። አክስቴ አርፋለች። የአንድ ወገን ፍርድ አድሏዊ ነው ካሉም መልሱ ሁሉንም ወገን መክሰስ ነው እንጂ ማንንም አለመክሰስ አይደለም። ማዘዣ ያለበት አዛዥ ሥር ያለ መኮንን ቢያንስ ትእዛዝ ሲሰጠው «ነገ እኔም እጠየቃለሁ» ብሎ ያስባል። ይህ ዛሬ አንድ መንደር ያተርፍ ይሆናል።

በልጁ ምክንያት አለመመስከርዎን አልፈርድብዎትም፤ ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ምናልባት ሊሰማ የሚፈልገው እሱ ራሱ ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ቃልዎን እኔ ልጻፈው።

መምህሩ፦ ነይ፣ ልጄ። ደብተር ይዘሽ ነይ። ማዘዣው ላይ ግን አቋሜ ያው ነው፤ መጀመሪያ ተኩሱ ይቁም።