ጤፍ የመጣበት ማዳበሪያ ጓሮ ይሆናል

በኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ከተማ ግብርና በቴሌቪዥን ብዙ አይተናል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ቅር የሚለኝ የሚመረጠው ምስል ነው። ሰፊ ግቢ፣ በብረት የተበየደ መደርደሪያ፣ ቀለም የተቀባ ጎማ። በኪራይ ቤት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ይህን ሲያይ «ይሄ የእኛ አይደለም» ይላል። እኛም እንደዚያ ብለን ሁለት ክረምት አልፎናል።

በመጨረሻ ስንጀምርም ተሳሳትን። የፕላስቲክ መትከያ ገዛን፣ አፈር ገዛን፣ ችግኝ ገዛን። የወጣው ብር ለስንት ወር ጎመን ይበቃ ነበር። የተከልነውም ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ነው። ጥቅል ጎመን ሦስት ወር ገደማ ቦታ ይዞ ይቆይና አንድ ቀን ተቆርጦ ያልቃል። ለጠባብ ቦታ አይሆንም። ጓሮ ለቤት ወጪ የሚያግዘው ሳይገዙ ሲጀምሩት ነው፤ የሚተከለውም ቅጠሉ እየተቀነጠሰ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሲሆን። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። ሽንኩርቱንና ድንቹን ለገበሬው እንተውለት።

አሁን ያለን ስድስት ማዳበሪያ ነው፣ ጤፍ የመጣበት። አፉን እስከ ወገቡ አጥፈን ወደ ውጭ ገለበጥነው፣ ከታች ውሃ ማሳለፊያ በሳነው። አፈሩ ከግቢው ጥግ የተቆፈረ ነው። ከሦስት እጅ አንዱ በባልዲ ያበሰበስነው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ ነው። ቡና የሚፈላበት ቤት አተላ አያጣም።

ዘሩስ? ለምጣድ ማሰሻ የምንገዛው ጎመን ዘር እኮ የሐበሻ ጎመን ዘር ነው! እስካልተቆላ ወይም እስካልተወቀጠ ድረስ ይበቅላል። ይህን ሳላስብ ስንት ዓመት ምጣድ ላይ ስፈጨው ኖርኩ። ድንብላልም እንደዚያው። አንዷ ፍሬ ውስጧ ሁለት ዘር አለ፤ በመዳፍ ቀስ ብሎ አሽቶ ለሁለት ከፍሎ መዝራት ነው። ነጭ ሽንኩርት መሶብ ሥር ተረስቶ ካቆጠቆጠ አይጣል፣ ቅጠሉ ለወጥ ይሆናል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልት ማጠጣት የሚከብድ ይመስላል። እኛ ሩዝና ምስር የታጠበበትን ውሃ እናጠራቅማለን። በረኪና የነካውን ግን በፍጹም። ክረምት ላይ የሚያስቸግረው ውሃ ሳይሆን በረዶው ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ቆስጣችንን ወንፊት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ደመናው ሲጠቁር ልጆቹ ያረጀ ሻራ ይዘው ይሮጣሉ።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልበል። መጀመሪያ «ሂዱ አጠጡ» እያልኩ አዝዝ ነበር፤ እንደ ቅጣት ቆጠሩት። በኋላ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ማዳበሪያ ሰጠናቸው። ምን እንደሚዘሩ፣ መቼ እንደሚቆርጡ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አባታቸው ሳይጠይቅ አንድ ቅጠል ቢቆርጥ ክርክር ይነሳል። ትልቋ በደብተር ትመዘግባለች፤ ከጉልት ሳንገዛ የቀረነውን እስር ሁሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ 31 እስር ጽፋለች። ሀብታም አላደረገንም። ዘይቱም፣ ሽሮውም እንዳለ ነው። ግን ረቡዕና ዓርብ «ዛሬ ምን ይሠራ?» የሚለው ጭንቀት ቀለለልኝ። የቅጠሉ ጀርባ ላይ ተባይ ሲሰፍርም መድኃኒት አልረጨንም፤ በሳሙና ውሃ ጠራረግነው።

ከብሩ እኩል የምቆጥረው ይህን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ከንጹሕ ውሃ አይደለም የሚመጣው። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ዳር ዓመቱን ሙሉ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። አምራቾቹን አልወቅስም፣ ሌላ ውሃ የላቸውም። ልጄ ጥሬውን የሚበላው ሰላጣ ግን ከየት እንደመጣ ባውቅ ደስ ይለኛል።

አከራዮችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዙ ተከራይ «ግቢ አታቆሽሹ» እንዳይባል ፈርቶ ነው የማይተክለው። ማዳበሪያ መሬት አይቆፍርም፣ ግድግዳ አያረጥብም፣ ቤት ሲለቀቅም አብሮ ይነሳል። የእኛ አከራይ መጀመሪያ ቢጠራጠሩም ፈቀዱልን። አሁን ጠዋት ጠዋት ለጥብስ ቅጠል ከኛ በር ሲቀነጥሱ አገኛቸዋለሁ።

ስድስተኛውን ማዳበሪያ አንነካውም። አንዱ ጎመን ለዘር ተትቶ ቢጫ አበባ አውጥቷል። ትንሹ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው ሄዶ የሚያየው፤ የአከራያችን በግ ደርሶበት እንደሆነ።