ቡሽ ይነሣልን

ጆርጅ ቡሽ ለደብረ ማርቆስ ሰው የዋለውን ውለታ እስካሁን የጻፈ የለም። እኔ ልጻፈው። ሐውልት ይቁምለት አልልም። አንድ መለኪያ ዳግም አረቄ ግን በስሙ ሊቀዳለት ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት 11 ቀን 1995 የአሜሪካ ጦር ኢራቅን መደብደብ ጀመረ። በሦስት ሳምንት ገደማ ባግዳድ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው አረቄ ቤታችን ግንባር ሆነች። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ሁለት የጤፍ ነጋዴዎች፣ መሪጌታ፣ አንድ የቀድሞ ወታደርና እኔ። ከመምህሩ በቀር ባግዳድን ካርታ ላይ የሚያሳይ አልነበረም። ንዴት ደግሞ ካርታ አይፈልግም።

ማታ ማታ እትዬ ራዲዮናቸውን ከቆጡ ያወርዳሉ። የአሜሪካ ድምፅ ይከፈታል። ልብ በሉልኝ፤ ቡሽን የምንሰድብበትን መረጃ የሚልክልን የቡሽ መንግሥት ራሱ ነው። በአማርኛ፣ ያለ ክፍያ። ሰዳቢውን በራሱ ወጪ የሚያስታጥቅ መሪ ከየት ይገኛል? ነጋዴው "እግዜር የእጁን ይስጠው!" እያለ በቡጢ የሚደልቀው እንኳ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ የተጨባበጡ እጆች የታተሙበት፣ ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ። ድምፁ ጥሩ ነው። ከበሮ ይመስላል።

የቡሽ ትልቁ ችሎታ ግን ሌላ ነው። አይሰማም። ብትሰድበው ነገ ጠዋት አይጠራህም። ፋይልህን አያጠፋብህም። የማዳበሪያ ዕዳህን አያነሣብህም። ቶኒ ብሌርም እንደዚያው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ የፈለግኸውን ብትለው ዘመድህን ከሥራ አያስወጣም። በዚህ ላይ የ1997 ምርጫ መጣና ሄደ። ከዚያ በኋላማ ጀግንነታችን ጓዙን ጠቅልሎ ባግዳድ ገባ። አንድም ሰው አገር ውስጥ አልቀረም።

አንድ ቀን ብቻ ነገር ሊበላሽ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሰሞን ነው። ዋሽንግተን በጦርነቱ ከጎኔ ቆመዋል ያለቻቸውን አገሮች ዝርዝር አወጣች። ኢትዮጵያ አለችበት። ኤርትራም አለችበት። ባድመ የማን ናት በሚለው ያን ሁሉ ሰው ያስጨረሱ ሁለት መንግሥታት በቡሽ ላይ ተስማሙ! መምህሩ መለኪያቸውን አስቀመጡና "እኛም እኮ አለንበት" አሉ። ዝም። እትዬ ተነሥተው ራዲዮውን ዘጉ። "ባትሪው ደክሟል" አሉ። ባትሪውን የገዛሁት እኔ ነበርኩ፤ ከሁለት ቀን በፊት።

እዚህ ላይ በላይ ዘለቀን አለማንሣት ነውር ነው። ምስኪን! አምስት ዓመት ሙሉ ከጣሊያን ጋር ሲተናነቅ ቁጭ ብሎ ሙሶሎኒን የሚሰድብበት አንድ ምሽት አላገኘም። አረቄ ቤት የለ፣ ራዲዮ የለ። ያለው ጠመንጃ ብቻ ነው። ሙያችን ከእሱ ዘመን ወዲህ ምን ያህል እንዳደገ እዩልኝ። በ1937 በላይን የሰቀለውም ሮም የተቀመጠው ሙሶሎኒ አይደለም፤ የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ይህን ታሪክ አረቄ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ለዚህም ይመስለኛል ሁላችንም ከቡሽ ጋር የተወዳጀነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2001 ደግሞ በዓላችን ሆነ። ባግዳድ ውስጥ ጋዜጠኛው ሙንተዘር አልዘይዲ ሁለት ጫማውን አከታትሎ ቡሽ ላይ ወረወረ። ቡሽ ሁለቱንም ጎንበስ ብሎ አሳለፈ፤ ከዚያ ጫማው ቁጥር 10 ነው ብሎ ቀለደ። ዜናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ክርክር ተነሣ።

"ቁጥር 10 እኮ የሕፃን ጫማ ነው" አለ ነጋዴው። "43 ቢሆን ይሄኔ አልቆለት ነበር።"

መምህሩ የአሜሪካ ቁጥር ሌላ ነው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። ማን ይስማቸው።

የቀድሞው ወታደር በረባሶውን አወለቀ። እንዲህ ነበር መወርወር ያለበት ብሎ ሊያሳየን ነው። መጀመሪያ ራዲዮው ላይ አነጣጠረ። "ራዲዮዬን ትነካና!" አሉ እትዬ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የቀን መቁጠሪያው ላይ የአገራችን ትልቅ ሰው ፎቶ አለ፣ ፈገግ ብለው። ወታደሩ ክንዱን እንዳነሣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ በረባሶውን መልሶ አጠለቀ።

"ይበርዳል" አለ።

ጋዜጠኛው ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ዘጠኝ ወር ታስሯል። እኛ ያን ማታ በሰላም እቤታችን ገብተናል።

(ዛሬ ተሰዳቢ አልጠፋም። የዩክሬን ነገር ሲነሣ ፑቲን አለ፣ የጋዛ ሲነሣ ኔታንያሁ አለ። ያኔ በቆርቆሮ ነበር፣ አሁን በስልክ ነው። ለእኔ ግን እንደ ቡሽ የሚመች ስም አልመጣም። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።)

በዚያው ምሽት፣ ከጫማው ክርክር በኋላ፣ ወሬው ሳናስበው ወደ ውሃ ዞረ። ቦኖው ከደረቀ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። አንደኛው ነጋዴ ሞቅ ብሎታል። "ይኼ ቀበሌ..." ብሎ ጀመረ። በሩ ተከፈተ። የቀበሌው ሰው ነው። ነጋዴው ዓረፍተ ነገሩን አልጣለውም፤ እጁ የተባረከ ነው። "ይኼ ቀበሌ ባግዳድ ቢሆን ኖሮ፣ ቡሽ አፈር በበላ!" ብሎ ጨረሰው። ቆርቆሮውን ደለቀ።

ብድግ ብድግ አልን። "በእግዜር! ተቀመጡ" አለ ሰውየው። የሚሻለውን በርጩማ ለቀቅንለት። እትዬ ከጓዳ አዲስ ጠርሙስ ይዘው ወጡ፣ አፉ በቡሽ የተወተፈ።

መሪጌታ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ዝም ሲሉ ያስፈራሉ። ጠርሙሱን አዩት፣ ሰውየውን አዩት፣ እንደገና ጠርሙሱን አዩት።

"እትዬ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እስቲ ቡሽ ይነሣልን። የታፈነው ይውጣ።"

መምህሩ አሳላቸው። ወታደሩ በረባሶውን ያይ ጀመር። የቀበሌው ሰው ግን ከት ብሎ ሳቀ። ባዶ መለኪያውን ከፍ አደረገና ከሁላችንም በላይ ጮኸ፦

"አሜን! ይነሣልን!"

መሪጌታ ትክ ብለው አዩት። እትዬ ቡሹን በጥርሳቸው ነክሰው ነቀሉት። ለሰውየው ሞልተው ቀዱለትና መልሰው ወተፉት።