«ተቃውሞ ከሌለ ጸድቋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ የእድራችን ሰብሳቢ በቴሌግራም አንድ መልእክት ለጠፉ። ወርሃዊው መዋጮ በእጥፍ ያድጋል፣ በጭማሪውም አዲስ ድንኳን ይገዛል፤ «እስከ ነገ ጠዋት ተቃውሞ ካልቀረበ በጋራ መግባባት እንደጸደቀ ይቆጠራል»። ነጋ፤ ጸደቀ። አንድ ወጣት «ድምፅ ይሰጥበት» ብሎ ቢጠይቅ የተሰጠው መልስ ነው ብዕር ያስነሣኝ፦ «ድምፅ መስጠት ይከፋፍላል፤ እኛ በመግባባት የኖርን ሕዝብ ነን።»

ይከፋፍላል! ጅማ ላይ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው የቡና ገበያ ወጥቶ አያውቅም ልበል? «ወንድማማቾች ነን፣ ሚዛን ምን ያደርጋል» የሚለውን ነጋዴ ገበሬው በምን ዓይን እንደሚያየው ሁላችንም እናውቃለን። ሚዛን ቡናውን አያጎድለውም፤ መጉደሉን ይናገራል እንጂ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዝምታችን ነገር ነው። መርካቶ ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ እሁድ ቡና ጠርታኝ ነበር። ጀበናውን ማቶቱ ላይ እያሳረፈች «መዋጮው ከብዶኛል» አለችኝ። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ብላት «ሱቁን ያከራዩኝ ማን ሆኑና ነው ወንድሜ?» ብላ ሳቀች። ያከራዩዋት እኚሁ ሰብሳቢያችን ናቸው። የእርሷ ዝምታ በሰብሳቢያችን መዝገብ «ስምምነት» ተብሎ ሰፍሯል። ዳታ አልቆበት መልእክቱን ያላየው፣ ልቅሶ ቤት ያመሸው፣ አንብቦ በይሉኝታ የተወው፣ ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ የተኛው፣ ሁሉም በአንድ ቁና ተሰፍረው ተስማሚ ተባሉ። አራት ሰው አውራ ጣት ስለለጠፈ ሌላው ሁሉ ደስ ብሎት አደረ ማለት ነው! እንዲህ ያለው መግባባት የሚመቸው ለመናገር ለማይፈራ ሰው ብቻ ነው። የማይፈራው ደግሞ ወይ ባለ ገንዘብ ነው፣ ወይ ባለ ሥልጣን፣ ወይ ዓይን አውጣ። ቴሌግራም የመራጩን ስም የማያሳይ የድምፅ መስጫ አለው፤ ለማዘጋጀት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንዲሆን የተጻፈውም ለጌጥ አይደለም። ተከራይ አከራዩን «እምቢ» ብሎ በሰላም ቤቱ የሚገባበት ሌላ መንገድ ካለ ይነገረኝ።

(አሮጌው ድንኳን እንደሚያፈስ አልክድም። ባለፈው ነሐሴ ልቅሶ ተቀምጬ ትከሻዬ ርሶ ነው የተመለስሁት። ጠቤ ከድንኳኑ ጋር አይደለም።)

የኦዳ ጥላ እንደሚጠቀስብኝ አውቃለሁ። ይጠቀስ። ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲመክሩ የዝምተኛውን ፊት ያነባሉ፤ «አንተስ ምን ትላለህ?» ይሉታል፤ ካልበሰለም ለሌላ ቀን ያሳድሩታል። ያንን ምክክር ከአንድ ሌሊት የቴሌግራም ማስታወቂያ ጋር ማመሳሰል አባቶችን መስደብ ነው።

መግባባትን እንደ ሃይማኖት የያዙት የኢንተርኔት ሰዎች እንኳ እዚህ አልደረሱም። የኢንተርኔትን የአሠራር ደንቦች የሚያወጣው የመሐንዲሶች ስብስብ ድምፅ አንቆጥርም ይላል፤ ነገር ግን በስብሰባው ሰዉን «እምምም» እያሰኘ የትኛው ሐሳብ እንደሚበረታ ያዳምጣል። ቢያንስ አፍ ይከፈታል ባልልም ጉሮሮ ይሰማል! ውክፔዲያ «ዴሞክራሲ አይደለሁም» ባይ ነው፤ የእንግሊዝኛው ክፍል ግን የግልግል ኮሚቴውን የሚመርጠው በምስጢር ድምፅ ነው። ደቢያን የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት በጋራ የሚሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ ማን ምን እንደመረጠ ለሕዝብ እንዳይገለጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ወሰኑ፤ የወሰኑትም ድምፅ ሰጥተው ነው። ሩቅ አገር ምን ወሰደኝ? መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት በመቋቋሚያ ሰነዱ አንቀጽ 7 የመሪዎቹ ጉባኤ በመግባባት፣ ካልሆነም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል ይላል። መሪዎች ላይግባቡ እንደሚችሉ አምነዋል፤ የእኛ እድር ግን በአንድ ሌሊት ተግባብቶ አደረ።

እኔም በበኩሌ ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በዚያው ገጽ አንድ ሐሳብ ለጥፌአለሁ፦ ከእንግዲህ ገንዘብ የሚነካ ማንኛውም ጉዳይ ስም በማያሳይ ድምፅ ይወሰን፣ የመዋጮው ጭማሪም እንደገና ይቅረብ። ይህን ስጽፍ ነግቷል። የተቃወመ የለም። በሰብሳቢያችን ደንብ መሠረት ጸድቋል።