ለተከበሩ የተማሪ ሥሪት ማኅተም፣ ባሉበት ጠርዝ

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ ስለ መገኘት የቀረበ አቤቱታን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችንን ከባሕር ዳር እናቀርባለን። እኛ አንድ ኮምፒውተርና አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ ይዘን፣ አውቶካድ በተባለው የንድፍ ፕሮግራም አሮጌ የተማሪ ሥሪት የሰው ቤት ፕላን የምንነድፍ ሦስት ጎልማሶች ነን። በሀገራችን ወረቀት ነፍስ የሚዘራው ማኅተም ሲያርፍበት እንደ ሆነ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ እኛም ለአንዲት ክብ ማኅተም ስንል በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ስንጠና፣ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ” ስንባል የኖርን ሰዎች ነን። እርስዎ ግን ያለ ማመልከቻ፣ ያለ አገልግሎት ክፍያና ያለ ፊርማ፣ በአንድ ጠርዝ እንኳ ሳይወሰኑ በወረቀታችን አራቱም ጠርዝ “በተማሪ ሥሪት የተዘጋጀ” ብለው በእንግሊዝኛ አርፈው ተገኙ። ሌላው ማኅተም ወረቀትን ያጸድቃል፤ እርስዎ ባረፉበት ወረቀት ግን የሚረክሰው ባለቤቱ ነው።

የደረሰብንን በዝርዝር እናስረዳ። ከሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሊያሠሩ ላሰቡ አንድ አባት ንድፉን በትልልቅ ወረቀት አትመን፣ ጠቅልለን፣ ጫማችንን አስጠርገን ቀረብን። እሳቸው እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ነገሩ በሰላም ሊያልፍ ነበር፤ ዳሩ ግን ቡና የምታቀርበው የሰባተኛ ክፍል ልጃቸው ከትከሻቸው በላይ አንገቷን አስግጋ “አባዬ፣ ተማሪ ነው የሠራው ይላል” አለች። አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ሦስታችንንም በየተራ ተመለከቱን፤ ከመካከላችን አንዱ ፀጉሩ ሸብቷል። ከዚያም በቁጣ ሳይሆን ከቁጣ በሚብስ ርኅራኄ “ተማሪ መርዳት ጽድቅ ነው” አሉና ከተስማማንበት ዋጋ ሲሶውን ቆጥረው፣ ለደብተርና ለእስክሪብቶ ይሁናችሁ ብለው መርቀው ሰጡን። የጎጃም ሰው ለተማሪ ያለው ክብር ጥንትም የታወቀ ነው፤ በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ሊማሩ የመጡ ልጆች “በእንተ ስማ ለማርያም” ብለው ከቆሙበት ደጅ ባዶ እጃቸውን እንዲመለሱ አይወድም። እነርሱ ግን ለምድ ለብሰው አኩፋዳ አንግተው ነው የሚለምኑት፤ እኛ ክራባት አስረን ለመንን።

ከሁሉ የከነከነን የሳይት ፕላኑ ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስለምትገኝ፣ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ለሚነድፍ ሰው ጣና የሚውለው በወረቀቱ የላይኛ ጠርዝ በኩል ነው፤ እርስዎም ከዚያ ጠርዝ ስለማይታጡ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው፣ ገዳማትን በየደሴቱ ያቀፈው፣ ዓባይን የሚሸኘው ሐይቅ ደረቱ ላይ “በተማሪ ሥሪት የተዘጋጀ” የሚል ተጽፎበት ታየ። ፈጣሪ ይቅር ይበለን እንጂ እኛ ይህን አላልንም።

ስለ አረባብዎም አንድ ነገር እንበል። በአሮጌዎቹ ሥሪቶች ከተማሪ ፋይል አንዲት የበር ብሎክ (ማለትም አንዴ ተነድፋ በየንድፉ የምትቀዳ የበር ሥዕል) ተቀድታ ሌላ ንድፍ ውስጥ ስትገባ እርስዎም አብረው ይገባሉ፤ በበሯ የገባውም ንድፍ ከዚያ ወዲያ ተማሪ ይሆናል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ሲታይ እንዲሁ ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ነበር። ከእኛ በፍላሽ የበርና የመታጠቢያ ቤት ብሎኮች የወሰደ፣ የራሱን ፕሮግራም ከዓመታት በፊት በገንዘቡ የገዛ ጎረቤታችን ዛሬ ባለ ስምንት ፎቁን ሕንፃ ጭምር ተማሪ አድርገውበት ሰላምታ ነስቶናል። ፕሮግራሙማ ፋይሉን ሲከፍት ማስጠንቀቂያ አሳይቶት ነበር፤ እሱም እንደ እኛው ሳያነብ “እሺ” የሚለውን ተጫነ።

እርስዎ ዋሹ አንልም። አውቶካድን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለተማሪ በነፃ የሚሰጡት ለትምህርት ብቻ መሆኑ፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ተማሪነትን እያረጋገጡ የሚታደስ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። የእኛ ቢሮ በሕግ ፊት ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የእኔ የጸሐፊው የእህቴ ልጅ ሲሆን፣ በስሙ የተነደፉትን ቤቶች ብዛት ቢያውቅ ኪራይ ይጠይቀን ነበር። የንግድ ፈቃዱ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል፤ ይህም ዶላር ወደ 57 ብር በነበረበት ጊዜ 114,000 ብር ያህል ነበር፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ከ200,000 ብር አለፈ፤ ያም ሆኖ ብሩ ቢገኝ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ መፈለግ ሌላ ደጅ መጥናት ነው። የ3ዲ ሥዕል መሥሪያውን ብሌንደርን የመሰለ፣ ለገንዘብ ሥራም ቢሆን በነፃ የተፈቀደ ፕሮግራም መኖሩን አንዱ ባልደረባችን ደጋግሞ ይነግረናል፤ ለመማር ግን ጊዜ የለንም፤ ተማሪ መሆን የምንችለው በወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምንለምነው ይህን ነው፦ ከአራቱ ጠርዝ ሦስቱን ይልቀቁልን። የቀረውን አንዱን በአውራ ጣታችን ሸፍነን እናሳያለን።

ከሰላምታ ጋር፣
ሦስቱ ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለእህቴ ልጅ፤ ሰኔ ላይ እንደምትመረቅ ሰምተን ቤተሰቡ ሁሉ እልል ሲል እኛ ሦስታችን ብቻ ስላዘንን፣ ቢቻል ሁለተኛ ዲግሪ እንድትጀምር፣ ካልተቻለም አንድ ኮርስ እንድትደግም።