ለማሸጊያው ብቻ አይደለም
"እንደገና የሚወጡ የሜታል አልበሞች ናፍቆት ነው የሚሸጡት" የሚለው የጽሑፉ ሐሳብ ግማሹ ብቻ ነው ልክ። የአሜሪካውን የሜታል (የከባድ ሮክ) ባንድ የሜታሊካን "ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል" ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን። ትራሽ (ፈጣንና ኃይለኛው የሜታል ዓይነት) ነው የምትሉ አላችሁ። ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ፣ ምቱ በየመሀሉ የሚገለባበጥ ዘፈን ያለበት አልበም ግን ለእኔ ፕሮግረሲቭ (ረጅምና ውስብስብ አሠራር ያለው) ነው። ከላይ "እ.ኤ.አ. በ2018 ሪማስተር ሲያደርጉት ቤዙን (እምብዛም የማይሰማውን ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) ለምን ከፍ አላደረጉትም?" ያልከው ወንድሜ፣ ሪማስተር ያለቀውን የድምፅ ቅልቅል (ሚክስ) ነው የሚያጸዳው። የተቀበረ ቤዝ ለማውጣት ለየመሣሪያው ለብቻ ከተቀዱት ቅጂዎች ተነስቶ እንደገና ሚክስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ባንዱ ደግሞ ያንን አልፈለገም። ከሪማስተሩ ጋር በወጣው ትልቁ ሣጥን (ልዩ እትም) ውስጥ ግን ዴሞዎቹ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂዎቹ፣ እና ያላለቁት ሚክሶች አሉ። ዘፈኑ ሪፍ በሪፍ (በአጫጭር የጊታር ሐረጎች) ሲገጣጠም ትሰማለህ። አድናቂ የሚከፍለው ለዚህ ነው። እኛ ደሴ ሆነን ሸክላውን የምናየው በፎቶ ነው፣ ሣጥኑ የጦሳን ተራራ ተሻግሮ አይመጣም። የምንሰማው በስልክ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ከፈቀደ! ያም ሆኖ ከዋናው አልበም ይልቅ ዴሞዎቹን ነው የምደጋግመው። አምባሰልና ባቲ ሲሰማ ላደገ ሰው አንዱን ዜማ በተለያየ መልኩ መስማት ብርቅ አይደለም፤ እንዲያውም ደስታው እዚያ ላይ ነው።