ብርዱን መክሰስ ይብቃን

ወገኖቼ፣ ልጅ ባሳለ ቁጥር «ብርድ መትቶት ነው» የምንለው እስከ መቼ ነው? ብርድ አፍ አውጥቶ አይከራከርምና ጥፋታችንን ሁሉ ተሸክሞልን ይኖራል።

አየሩ ድርሻ የለውም አልልም። ኢንፍሉዌንዛ ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጊኒ ፒግ በሚባሉ እንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀላሉ ሲተላለፍ በ30 ዲግሪ በአየር መሻገሩን አቁሟል። ደረቅ አየር ከሳል የምትወጣውን ጠብታ ፈጥኖ ስለሚያተናት፣ ጠብታዋ ቀልላ መሬት ሳትወርድ ትንሳፈፋለች። የልጆችን እጅ፣ እግርና አፍ የሚያቆስለው «የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ» በአንጻሩ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛ ይበረታል። ጎርፍ መጸዳጃውን ከመጠጥ ውኃ ቀላቅሎ ተቅማጥ እንደሚያመጣ ደግሞ ማንም ያውቀዋል፤ አልዘገይበትም።

ነገር ግን ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ የቆለፈባቸው ደመናው ነው? በሩን የዘጋነው፣ መስኮቱን የጠረቀምነው፣ ስንጥቁን በጨርቅ የወተፍነው እኛ ነን። ከዚያ አንዱ ያስወጣውን አየር ሌላው ሲስብ ያድራል። የኩፍኝ ቫይረስ እኮ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አየር ላይ ይቆያል! አብረውት ከነበሩ 10 ያልተከተቡ ልጆች እስከ 9 የሚደርሱትን ይይዛል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ስለሚጀምርም «ምንም አልታየበትም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ኩፍኝ ሲያሻቅብ፣ ሲዘጋም ዝቅ ሲል በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ወቅት እያልን የምናማርረው እንግዲህ አንዳንዴ የራሳችን የትምህርት ካላንደር ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጠዋት የልጄን ትኩሳት በሽሮፕ አብርጄ ወደ ክፍሉ ልኬዋለሁ፤ የሥራ ቀን ነበረ። በሳምንቱ አጠገቡ የሚቀመጠው ሕፃን ታሞ ሲተኛ «ዝናቡ ነው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ክትባቱንስ «ዝናቡ ያባራና» እያላችሁ ስንት ቀጠሮ አሳለፋችሁ? ከ100 ልጆች 95 ያህሉ የኩፍኝን ክትባት ሁለት ጊዜ ካልወሰዱ ወረርሽኙ መግቢያ አያጣም። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ቤት አስቀሩት። ለሚበርደው ልብስ ደርቡለትና መስኮቱን ክፈቱ። የክትባት ካርዱንም ዛሬ አውጥታችሁ ሁለተኛው መወሰዱን እዩ።