ካርተር ተምሯል፣ ጋሼ!

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ጂሚ ካርተር ተምሯል። ተምሯል! እዚያ እንድናገር ስላልተፈቀደልኝ እዚህ እጽፈዋለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ።

ስለ ማን እንደማወራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያው ጋሼ ናቸው። ዛሬም የልጁን ምርቃት ትተን የእሳቸውን ትንተና ስንሰማ ዋልን። አሜሪካን ከላይ እስከ ታች ሲያብጠለጥሉ ቆይተው፣ «ይቺ አገር እኮ ያልተማረ የኦቾሎኒ ገበሬ ፕሬዚዳንት ያደረገች ናት!» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር።

«ጋሼ፣ ካርተር እኮ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። የኑክሌር ትምህርትም ተምሯል» አልኩ። በትሕትና ነው ያልኩት፤ እናቴ ምስክሬ ናት።

«አንቺ ደግሞ የት ታውቂዋለሽ? ከሥልጣን ሲወርድ አልተወለድሽም።»

«አንብቤ ነዋ።»

«በይ ያነበብሽውን ተዪና ጀበናውን እዪ፣ ሊገነፍልብሽ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጀበናው ደግሞ ሊገነፍልም አልነበር! እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ዝም አልኩ። ሁሉም እጅ ላይ ስልክ አለ። አንድ ሰው እንኳ ከፍቶ ለማየት አልሞከረም።

እንግዲያው ጋሼ፣ አሁን ይስሙኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሰውየው በ1924 ጆርጂያ ውስጥ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ቤታቸው መብራት አልነበረውም። ጁሊያ ኮልማን የምትባል አስተማሪው መጽሐፍ አስወደደችው። በ1977 ቃለ መሐላ ሲፈጽም ባደረገው ንግግር ስሟን ጠርቶ ቃሏን ጠቅሷል። ከዚያ አሜሪከስ ከተማ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ። ቀጥሎ ጆርጂያ ቴክ። ቀጥሎ የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ በ1946 ተመረቀ። አካዳሚው ያለው እዚሁ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፣ ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ለማየት የሚሄዱበት!

የሁለት ዓመት ኮሌጅ ስል ደሜ ፈላ። ባለፈው ፋሲካ የእህቴን ልጅ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ ስላለች፣ «እሱም ኮሌጅ ተብሎ?» ብለው ሰው ፊት አላሳቁባትም? ልጅቷ ምግቧን ትታ ተነሳች። ያን ቀን መናገር ነበረብን። ማንም አልተናገረም።

ወደ ካርተር ልመለስ። በሰርጓጅ መርከብ አገለገለ። ሃይማን ሪኮቨር፣ የአሜሪካ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ አባት የሚባለው፣ መርጦ ወሰደው። በታኅሣሥ 1952 ካናዳ፣ ቾክ ሪቨር የሚባል ቦታ፣ የኑክሌር ሪአክተር አደጋ ሲደርስ አሜሪካ ለእርዳታ ከላከቻቸው ቡድኖች የአንዱ መሪ ካርተር ነበር። ዕድሜው 28። ጨረር አለ፤ ሰው ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ እየተፈራረቁ ገብተው ሪአክተሩን ፈታቱት። ያልተማረ ሰው እዚያ ይላካል?

በ1953 አባቱ ሞተ። እርሻውን የሚይዝ ስለጠፋ ከባሕር ኃይል ወጥቶ ተመለሰ። ገበሬነቱ ይኸው ነው። ደግሞስ ቢሆን? የኔ አያት ጎጃም ላይ በሬ ጠምደው ያረሱ ሰው ናቸው። የጋሼም አባት እንደዚያው። በእርሻ ገንዘብ ፊደል ቆጥረን ገበሬን መሳቂያ የምናደርገው በምን አፋችን ነው? ይሄ ነው ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ።

ፖለቲካውንም ቢሆን ማንም አልሰጠውም። በ1962 ለጆርጂያ ሴኔት ሲወዳደር ድምፅ ተሰረቀ። የሞተ ሰው ሁሉ መርጧል ተብሎ ተመዝግቦ ነበር! ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራክሮ ወንበሩን አገኘ። በ1966 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ወደቀ፤ በ1970 አሸነፈ። በዚያ ዘመቻ የዘር መድልዎ ደጋፊዎችን ድምፅ ለማግኘት መለማመጡን አልወድለትም። ግን በ1971 ሥልጣን ሲይዝ የዘር መድልዎ ዘመን አብቅቷል ብሎ በአደባባይ ተናገረ፣ ያውም ጆርጂያ ላይ። በ1976 በፕሬዚዳንት ምርጫ ፕሬዚዳንት ፎርድን አሸነፈ። በ1978 የግብፁን ሳዳትንና የእስራኤሉን ቤጊንን ካምፕ ዴቪድ፣ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ፣ ለ13 ቀን ይዞ አስማማ።

ኢራን፣ ቴህራን ላይ 52 አሜሪካውያን 444 ቀን ታግተዋል፤ የኑሮ ውድነቱም ሕዝቡን አማሮታል፤ በ1980 ሬገን ጠራርጎ አሸነፈው። ጋሼ ይህን አንስተው ቢወቅሱት አብሬ እወቅሰዋለሁ። ውድቀት ውድቀት ነው። አለመማር ግን ከየት መጣ? የአሜሪካን የትምህርት ሚኒስቴር ያቋቋመውን ሕግ በ1979 የፈረመው እኮ እሱ ነው!

ሌላም ሕግ ፈርሟል፤ መጋቢት 1980። የስደተኞች ሕግ። ከዚያ በኋላ ነው ሱዳን ላይ የነበሩ ወገኖቻችን በብዛት እዚህ መግባት የቻሉት። ጋሼ በየት በኩል መጡ? በካርቱም! በሰማንያዎቹ! ራሳቸው ስንት ጊዜ አውርተውልናል፤ ረሃቡን፣ ቃለ መጠይቁን፣ የአውሮፕላኑን ብርድ። በር የከፈተላቸው ያ ዛሬ ያሳቁበት ሰው ነው።

ይህን መኪና ውስጥ ለእናቴ ስነግራት፣ «ተዪ በቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለችኝ። እሷም የገባችው በዚያው ሕግ ነው። ምን ልበላት?